ስለ ዳሎል የጨው ምድርና በዚያ ተጀምሮ ስለ ቀረው የማዕድን ሥራ

(በወልቂጤና በዙሪያዋ ላሉ የመንደር ትምህርት ቤቶች የተዘጋጀ ንግግር። በዚህ ንግግር ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)



ማዕድን የሚለው ቃል በተጠራ ጊዜ በብዙ ሰው አሳብ አስቀድሞ የሚመጣው ወርቅ ነው። ወርቅ ስሙም መልኩም የታወቀ ስለ ሆነ፥ ምድር በሆድዋ የያዘችው ሀብት ሁሉ እርሱ ብቻ ይመስላል። ዳሩ ግን ዐይንን የማይማርኩ፥ በመንገድ ወድቀው ቢገኙ ማንም ጐንበስ ብሎ የማያነሣቸው፥ ነገር ግን እህልም እንሰትም ያለ እነርሱ ሊበቅል የማይችል ማዕድኖች አሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ከእነዚህ ስለ አንዱ ነው። ስሙ ፖታሽ ይባላል። በአገራችን በብዛት የሚገኘው በሰሜን ምሥራቅ፥ በአፋር ምድር፥ ዳሎል በተባለው በረሓ ነው። በዚያም ስፍራ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት የማዕድን ሥራ ተጀምሮ ነበር። ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ፈሰሰበት፤ በመጨረሻም ተትቶ ቀረ። እንዴት እንደ ተጀመረና ስለ ምን እንደ ተተወ መመርመር ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «ዳሎል ወዴት፥ ወልቂጤ ወዴት! የአፋር በረሓ ለጉራጌ ገበሬ ምኑ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው የተገባ ነው። መልሱም ሁለት ነው፤ አንደኛው በጓሮአችን፥ ሁለተኛው በተራራችን ይገኛል።

፩፤ ስለ ዐመድና ስለ እንሰት

በጉራጌ አገር እንሰት የሚተከለው ከቤት አጠገብ ነው። የከብቱ ፍግና የምድጃው ዐመድ በየቀኑ እየወጣ የሚደፋው በዚያ ስለ ሆነ፥ የጓሮው ዐፈር ከሩቁ እርሻ ይልቅ የወፈረ ነው። እናቶቻችን ይህን ያወቁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከልጅ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ በመጣ ልምድ ነው። ልምዱም እውነተኛ ነው። እንጨት ተቃጥሎ ሲያልቅ የሚተርፈው ዐመድ፥ ዛፉ በሕይወቱ ሳለ በሥሩ ከመሬት የሳበው የማዕድን ክፍል ነው። በዐመዱ ውስጥ ካሉት ማዕድኖችም አንዱ ፖታሲየም ይባላል።

የፖታሽ ስም ከዚሁ ከዐመድ የመጣ ነው። በቀድሞ ዘመን የኤውሮፓ ሰዎች የእንጨት ዐመድ በውሃ ይዘፈዝፉ ነበር፤ ውሃውንም አጥልለው በድስት ያፈሉት ነበር። ውሃው ተንኖ ባለቀ ጊዜ ከድስቱ ሥር ነጭ ነገር ይቀራል። ይህንም «የድስት ዐመድ» ብለው ጠሩት፤ ፖታሽ ማለት ይህ ነው። ሳሙናና ብርጭቆ ለመሥራት ይጠቀሙበት ነበር። በ1807 የእንግሊዝ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ ከዚህ ነገር ውስጥ ፖታሲየምን ለብቻው ለይቶ አወጣ። በ1840 ደግሞ የጀርመን ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ተክል ከዐፈር ማዕድን እየሳበ እንደሚመገብ፥ ገበሬም በየዓመቱ መከሩን ሲሰበስብ ከመሬቱ ማዕድን አብሮ እንደሚወስድ በመጽሐፍ አስረዳ።

ተክል ከዐፈር በብዛት ከሚፈልጋቸው ማዕድኖች ዋኖቹ ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ናይትሮጅን፥ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይባላሉ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል የሌሎቹ መብዛት አይጠቅምም። ይኸውም ከሦስቱ ጕልቻ አንዱ ቢወድቅ ድስቱ ሊቆም እንደማይችል ያለ ነው። ፖታሲየም ተክሉ ውሃን በመጠን እንዲጠቀም፥ ድርቅንና በሽታን እንዲቋቋም፥ ምግቡንም በሥሩና በግንዱ እንዲያከማች ይረዳዋል። እንግዲህ በዳሎል ጨው ሥር የተቀበረው ሀብት በጓሮአችን ዐመድ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ዘር መሆኑን አስተውሉ።

፪፤ ስለ ስምጥ ሸለቆ

ሁለተኛው መልስ በተራራችን ይገኛል ብለናል። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከባሕር ወለል ወደ 1900 ሜትር በሚሆን ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የጉራጌ ተራሮች ከ3500 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። ከተራሮቹ ማዶ፥ በግርጌያቸው፥ ቡታጅራ አለች፤ ከቡታጅራም ወዲያ ምድሩ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ይህ ዝቅተኛ ምድር ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ነው። የጉራጌ ተራሮች የዚህ ሸለቆ የምዕራብ ግድግዳ ናቸው።

ሸለቆው የተሠራው ወንዝ ምድርን ቦርቡሮት አይደለም። የምድር ቅርፊት ተሰንጥቆ፥ ወዲህና ወዲያ ያለው ክፍል እየተራራቀ ስለ ሄደ፥ በመካከል ያለው ምድር ሰምጦ ነው። መራራቁም እስከ ዛሬ አልቆመም። በእኛ አካባቢ በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ የሰው ጥፍር በዓመት ከሚያድገው ያነሰ ማለት ነው። ነገር ግን ጥቂቱ በብዙ ሺሕ ዓመታት ሲደመር ተራራን ከተራራ ይለያል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በድንገት ይሆናል፤ በ2005 በአፋር ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተሰነጠቀ፤ የተከፈተውም ወርድ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ደርሶ ነበር።

እንግዲህ አንድ መንገደኛ ከቡታጅራ ተነሥቶ የሸለቆውን አቅጣጫ ተከትሎ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቢሄድ፥ በአዋሽ በኩል አልፎ ወደ አፋር ምድር ይደርሳል። በዚያ የአፍሪካ፥ የሶማሊያና የዓረብ የምድር ቅርፊቶች ሦስቱም ይለያያሉ። ወደ ሰሜንም ገፍቶ ቢሄድ የደናክል ዝቅተኛ ምድር ይገጥመዋል። በዚያ የጨው ሜዳው ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ነው። ከወልቂጤ እስከ ዳሎል ሜዳ ድረስ ያለው የከፍታ ልዩነት ሁለት ሺሕ ሜትር ያህል መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዝምድናቸውን የሚያስረዳ ሌላም ምልክት አለ። ከቡታጅራ ብዙ ሳይርቅ ሐረ ሸይጣን የሚባል ክብ ሐይቅ አለ፤ ዳሩ ገደል፥ ውስጡ ጥልቅ ነው። ይህ ሐይቅ የተሠራው ከታች የወጣ ትኵስ ቅላጭ ድንጋይ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተገናኝቶ፥ ውሃው በድንገት እንፋሎት ሆኖ ምድሩን ስለ ፈነቀለው ነው። ክዳኑ ተደፍኖ በብርቱ እሳት ላይ የተጣደ ድስት የሚሆነውን ታውቃላችሁ። በዳሎልም በ1926 እንዲሁ ያለ የእንፋሎት ፍንዳታ ሆኖ፥ ወደ 30 ሜትር የሚሆን ወርድ ያለው ጕድጓድ ከፍቷል። እሳቱም ውሃውም በሁለቱ ስፍራዎች አንድ ዐይነት ሥራ ሠርተዋል።

፫፤ ጨዉ እንዴት እንደ ተከማቸ

የደናክል ዝቅተኛ ምድር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበረ። ከ100,000 ዓመት በፊት በባሕር ውስጥ ያደገ የኮራል ድንጋይ እስከ ዛሬ በሸለቆው ዳርና ዳር ይታያል፤ ኮራልም ከባሕር ውጭ ሊኖር ስለማይችል ምስክርነቱ የታመነ ነው። ከዚያ በኋላ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይና የምድሩ ከፍ ማለት የባሕሩን መግቢያ ዘጋው። የታጐረው ውሃ ከፀሓዩ ብርታት የተነሣ ተነነ፤ ጨዉ ቀረ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ አይደለም፤ ባሕሩ በብዙ ዘመናት ደጋግሞ እየገባ ደጋግሞ ደርቋል። ስለዚህ የጨዉ ንብር ውፍረት ወደ አንድ ሺሕ ሜትር ይደርሳል።

የባሕር ውሃ ሲተን በውስጡ ያሉት ጨዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጉም። በየተራቸው ይረጋሉ። መጀመሪያ ኖራ የሚመስለው ይወርዳል፤ ቀጥሎ ጂፕሰም፥ ይኸውም ጀሶ የሚሠራበት ድንጋይ፥ ይወርዳል። ውሃው ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ሲቀር እኛ የምንበላው ጨው ይረጋል። ፖታሽና ማግኒዚየም የሚባለው ማዕድን ያለባቸው ጨዎች ግን እጅግ ሟሚዎች ስለ ሆኑ፥ ከመቶ እጅ ሁለት እጅ የማያህል ውሃ እስኪቀር ድረስ ከውሃው አይለዩም። በአንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ ልዩ ልዩ ጨው ሁሉ ተደምሮ 35 ግራም ያህል ነው፤ ከዚህ ውስጥ ፖታሲየም ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የፖታሽ ማዕድን የሚገኘው ባሕር እስከ መጨረሻ ጠብታው በደረቀበት ስፍራ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ አንዱ የእኛ ዳሎል ነው።

መምህራን ይህን ለተማሪዎች በቀላሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። አንድ እፍኝ ጨው ከጥቂት ዐመድ ጋር በውሃ በጥብጡ፤ በጨርቅ አጥልሉት፤ በሰፊ ዝርግ ሳሕን አድርጋችሁ ፀሓይ ላይ አኑሩት። በጥቂት ቀን ውስጥ በሳሕኑ ዳር በዳር ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ በመካከል ግን የማይደርቅ እርጥብ ነገር ለጊዜው ይቆያል። የደናክል ምድር ሥራ በሳሕን ውስጥ ይህ ነው።

በዳሎል የሚገኙት የፖታሽ ማዕድኖች ሦስት ስም አላቸው፤ ሲልቫይት፥ ካርናላይትና ካይናይት ይባላሉ። ሲልቫይት መልኩ ጨው ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን ይመርራል። እነዚህ ማዕድኖች በሸለቆው በምዕራብ ዳር ለገጸ ምድር ቀረብ ብለው፥ ወደ ምሥራቅ እየሄዱ ሲሄዱ ግን እየጠለቁ ይገኛሉ። በመካከል የዳሎል ኮረብታ ከሜዳው ብዙ ዐሥር ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በላዩም ከታች በሚመጣ ግለት የሚፈሉ ምንጮች አሉ፤ ከድኝና ከብረት የተነሣ ብጫ፥ አረንጓዴና ቀይ መልክ አላቸው። መልካቸው ያስደንቃል፤ ውሃቸው ግን ከሎሚ ይልቅ እጅግ የበረታ አሲድ ስለ ሆነ ሥጋን ያቃጥላል።

፬፤ ከፖታሽ በፊት ስለ ነበረው የጨው ሥራ

የዳሎል ምድር ሀብት መሆኑን መጀመሪያ ያወቁት የውጭ አገር ሰዎች አይደሉም። የአፋር ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ጨውን እየቈረጡ ሲሸጡ ኖረዋል። ሥራው እንዲህ ነው፤ የረጋውን ጨው በመጥረቢያ ሰንጥቀው፥ ረጅም እንጨት በስንጥቁ አግብተው በመፈንቀል ገበታ የሚያህለውን ያነሣሉ፤ ቀጥሎም በመጥረቢያ እየጠረቡ አንድ ልክ አድርገው ያበጁታል። ይህ የተጠረበ ጨው አሞሌ ይባላል። ከደጋ የሚወርዱ ነጋድያንም በግመልና በበቅሎ ጭነው ወደ ትግራይ ያወጡት ነበር፤ ቅፍለታቸውም አርሆ ይባላል።

በ6ኛው መቶ ዓመት ወደ አክሱም መንግሥት የመጣው ኮስማስ የተባለ የግሪክ ነጋዴ በጻፈው መጽሐፍ፥ የአክሱም ንጉሥ መልእክተኞች ሳሱ ወደ ተባለ የወርቅ አገር በሬ፥ ጨውና ብረት ይዘው ይሄዱ እንደ ነበር ይናገራል። ነጋዴዎቹ ሥጋውን፥ ጨውንና ብረቱን ከፍ ባለ ስፍራ ያኖራሉ፤ የአገሩ ሰዎች ቀርበው በፈለጉት ነገር ላይ ወርቅ ያስቀምጣሉ፤ ሻጩ በወርቁ ከተስማማ ይወስዳል፥ ካልተስማማ ይተወዋል፤ ገዢውም ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን አንሥቶ ይሄዳል። አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳይሰማ እንዲህ ይነግዱ ነበር። ከዚህ የምንረዳው በአንድ አገር እንደ ዐፈር የሚረገጥ ነገር በሌላ አገር ወርቅን የሚያስጥል መሆኑን ነው። ከ1520 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስድስት ዓመት የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ጨው በአገራችን እንደ ገንዘብ ሆኖ ይሠራ እንደ ነበር ጽፏል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ በገበያ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ኖሯል።

፭፤ ስለ ፖታሹ ሥራ መጀመር

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ኢጣልያኖች በዳሎል ፖታሽ መኖሩን ዐወቁ። በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ ፖታሽን የምትሸጥ አገር ከጥቂቱ በቀር ጀርመን ብቻ ነበረች፤ በስታስፉርት የፖታሽ ፋብሪካ ከ1861 ጀምሮ ይሠራ ነበር። በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ የጀርመን ፖታሽ ለጠላቶችዋ መሸጡ ቀረ። የኤውሮፓና የአሜሪካ ገበሬዎች ማዳበሪያ አጡ፤ ዋጋውም እጅግ ናረ። በሰላም ጊዜ ማንም የማይደፍረው የዳሎል በረሓ ያን ጊዜ የሚያዋጣ መስሎ ታየ።

ስለዚህ በቀይ ባሕር ዳር ከምትገኘው ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሸለቆው የሚገባ ትንሽ ምድር ባቡር ተሠራ፤ በሚያዝያ 1918 ተፈጸመ። ሐዲዱ ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ያቆም ነበር፤ የቀረውን መንገድ ማዕድኑን በሌላ ዘዴ ማመላለስ ግድ ነበረ። በዚያ ዘመን የወጣው ፖታሽ ወደ 50,000 ቶን እንደሚደርስ ይነገራል። ነገር ግን ጦርነቱ ባቡሩ በተፈጸመበት በዚያው ዓመት አበቃ። የጀርመን ፖታሽ ወደ ገበያ ተመለሰ፤ ዋጋውም ወረደ። ከ1925 እስከ 1929 ድረስ አንድ የኢጣልያ ኩባንያ ሥራውን እንደ ገና ጀምሮ ወደ 25,000 ቶን ሲልቫይት አወጣ፤ ይህም ደግሞ አልጸናም። ከ1951 እስከ 1953 ጥቂት ቶን ወደ ህንድ ተሸጠ፤ ከዚያም ቆመ።

ሠራተኞቹ የነበሩበትን ኑሮ አስቡ። ከ1960 እስከ 1966 በዳሎል በተለካው መጠን የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ነበር፤ ይህ ሌሊቱም ቀኑም፥ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ ነው። ሰው በሚኖርበት ስፍራ ከተለካው ሁሉ ይህን የሚበልጥ አማካይ አልተመዘገበም። በዚያ ዛፍ የለም፤ የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ ይመጣል፤ ለቤት መሥሪያ የሚሆን እንጨትም ጭቃም አይገኝም። ስለዚህ ቤቶቹ የተሠሩት ከጨው ጡብ ነበር። የእነዚያ ቤቶች ፍራሽ፥ ከዛገ መኪናና ከወዳደቀ ብረት ጋር፥ እስከ ዛሬ በኮረብታው ላይ ይታያል።

፮፤ ውሃ ስለ ዘጋው ጕድጓድ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ራልፍ ኤም. ፓርሰንስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ወደ ዳሎል መጣ። ይህ ኩባንያ በ1960ዎቹ ዓመታት ምድሩን በብዙ ስፍራ እየሰረሰረ መረመረ፤ ማዕድኑ የት እንዳለ፥ ምን ያህል እንደሚወፍርና ምን ያህል እንደሚጠልቅ በካርታ ላይ አኖረ። ሙስሌ በተባለው ስፍራ ቀጥ ያለ ጕድጓድ አስቈፈረ፤ ከጕድጓዱም ሥር ወደ ጐን የሚሄዱ መተላለፊያዎች ተቈፈሩ። ነገር ግን በ1967 ውሃ ገብቶ ጕድጓዱን ሞላው። በሚከተለው ዓመት ኩባንያው ሥራውን ትቶ ሄደ።

ውሃ ለማዕድን ሁሉ ጠላት ነው፤ ለጨው ማዕድን ግን ከጠላት ሁሉ የከፋ ነው። ወርቅ በሚቈፈርበት ጕድጓድ ውሃ ቢገባ በውሃ መሳቢያ መኪና ቀድቶ ማውጣት ይቻላል፤ ድንጋዩ እንዳለ ይቆያል። በጨው ጕድጓድ ግን ውሃው ግድግዳውን ራሱን ያሟሟል። መርፌ የምታህል ቀዳዳ ዛሬ ብትከፈት፥ ውሃው በእርስዋ ሲያልፍ ዳርና ዳርዋን እየበላ ነገ ጣት፥ ከነገ ወዲያ ክንድ የሚያስገባ ያደርጋታል። ጣራውን ተሸክመው እንዲቆሙ ሳይቈፈሩ የሚተዉት የጨው ዐምዶችም ይሟሟሉ፤ ጣራውም ይወድቃል። ከምዕራብ ያለው ደጋ ዝናሙን ወደዚህ ሸለቆ ስለሚያወርድ፥ በበረሓው ላይ ዝናም ባይዘንብም ከጨዉ ዳር በከርሰ ምድር ብዙ ውሃ አለ። እነሆ፥ ለመጠጥ ውሃ ያጣ በረሓ ማዕድኑን በውሃ አጣ!

ሊቃውንት ከዚህ የተነሣ ሌላ አሳብ አሰቡ፤ ውሃው ጠላት ከሆነ ወዳጅ እናድርገው አሉ። ይኸውም ሰው ወደ ምድር ሆድ ሳይገባ፥ በቀጭን ቧንቧ ውሃ ወደ ታች ልኮ ማዕድኑን ማሟሟት፥ የሟሟውንም በሌላ ቧንቧ ስቦ በሰፊ ኵሬ ላይ ለፀሓይ ማስጣት ነው። ፀሓዩ ውሃውን ይወስዳል፤ ማዕድኑ ይቀራል። ይህ ዘዴ በሌሎች አገሮች ይሠራበታል፤ ከ2008 በኋላ ወደ ደናክል የመጡት ኩባንያዎችም ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ለጭነቱ መውጫ እንዲሆን በጅቡቲ የታጁራ ወደብ በ2017 ተመረቀ፤ መርሳ ፋጥማ ከ1993 ጀምሮ በሌላ መንግሥት፥ በኤርትራ ምድር ስለ ሆነች ነው። ነገር ግን ከኩባንያዎቹ አንዱ፥ አይ ሲ ኤል የተባለው፥ በ2016 ሥራውን እንደ ተወ አስታወቀ። ፖታሹ ግን በስፍራው አለ።

፯፤ ከዚህ የምንማረው

የዳሎል ታሪክ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስረዳን ማዕድን መኖሩ ብቻውን ሀብት አለመሆኑን ነው። በ1918 ፖታሹን ሀብት ያደረገው በሩቅ አገር የተነሣ ጦርነት ነበር፤ ዋጋቢስ ያደረገውም የጦርነቱ ማብቃት ነው። ምድሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ገበያው ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ መንደራችሁ መጥቶ፥ «በዚህ ስፍራ ማዕድን አለ» ቢላችሁ፥ መኖሩን ከመረመራችሁ በኋላ፥ ማን ይገዛዋል? በምን መንገድ ይሄዳል? ለማውጣት ምን ያህል ያስወጣል? ብላችሁ ጠይቁ። እነዚህን ያልጠየቀ ሰው ቢቈፍር የሚተርፈው ጕድጓዱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ተተወ ጕድጓድ ነው። በአገራችን በየስፍራው ድንጋይ፥ አሸዋና ቀይ ገረጋንቲ የወጣባቸው ጕድጓዶች ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይደፈኑ ይቀራሉ። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይሞላቸዋል፤ ዳራቸውም ተሸርሽሮ ሳይታሰብ ይናዳል። ልጆች ሆይ፥ በእንደነዚህ ያሉ ጕድጓዶች ውስጥ አትግቡ፥ አትዋኙ፥ ከዳራቸውም ሥር ከብት አታሳርፉ። አባቶች ሆይ፥ ጕድጓድ ያስቈፈረ ሰው ሥራው ሲያልቅ እንዲደፍነው ወይም እንዲያጥረው ከመጀመሪያው ቀን ቃል አስገቡት።

ሦስተኛው ትምህርት ወደ ጓሮአችን ይመልሰናል። አገራችን ለእርሻዋ የሚሆነውን የፋብሪካ ማዳበሪያ ከባሕር ማዶ ስትገዛ ኖራለች። የዳሎል ፖታሽ ለእርሻችን እስኪደርስ ድረስ ግን፥ በየቤታችን ያለውን ፖታሽ ጠብቀን እንያዝ። አሁን እንደ ተነገረው ፖታሽ በውሃ ቶሎ የሚሟሟ ነው። የዳሎልን ጕድጓድ ያጠፋው ይህ ጠባይ የዐመዳችንንም ፍሬ ነገር ያጠፋል። በደጅ የተከመረ ዐመድ አንድ ብርቱ ዝናም ከመታው፥ ፖታሹ ከጐርፉ ጋር ሄዶ የሚቀረው ገለባው ነው። ስለዚህ ዐመድን ዝናም በማያገኘው ስፍራ፥ በደረቅ፥ ክዳን ባለው ዕቃ ወይም ከጣራ በታች አከማቹት፤ እሳት አለመቅረቱንም አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ከአዲስ ፍግና ከከብት ሽንት ጋር አብራችሁ አትከምሩት፤ ዐመዱ ከፍጉ ውስጥ ናይትሮጅኑን ጢስ አድርጎ ያባርረዋልና። በየተራ፥ በተለያየ ጊዜ አውጡት። በእንሰቱ ዙሪያ ሳስቶ ተበትኖ በዐፈር ይቀላቀል እንጂ በአንድ ስፍራ አይከመር። ዐመድ የኮመጠጠ ዐፈርንም ያለዝባል፤ ስለዚህ በደጋ እርሻ ጥቅሙ እጥፍ ነው። ነገር ግን የፕላስቲክና የቀለም ቅብ እንጨት ዐመድ መርዝ ስላለበት ወደ ጓሮ አይግባ።

የተወደዳችሁ ተማሪዎች ሆይ፤ የዳሎል ማዕድን እስከ ዛሬ የተመረመረው አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አገር በመጡ ሰዎች ነው። እነርሱም ዋጋው ሲወደድ መጡ፤ ሲረክስ ሄዱ። በዚህ ነቀፋ የለባቸውም፤ ነጋዴ ትርፍ ወዳለበት ይሄዳል። ዋጋው ቢወደድም ቢረክስም ከምድሩ የማይሄደው የአገሩ ልጅ ነው። የአፋር ሰው በዚያ ፀሓይ ሥር እስከ ዛሬ አለ፤ የጉራጌ ገበሬም በእንሰቱ ሥር አለ። ለሁለቱም የሚበጅ ሥራ እንዲሠራ ድንጋይ የሚያነብ፥ ውሃን የሚለካ፥ የዓለምን ገበያ የሚያሰላ የአገር ልጅ ያስፈልጋል። ይህም ዕውቀት የሚጀመረው ከሩቅ ስፍራ አይደለም። ነገ ጠዋት ከትምህርት ቤታችሁ ደጅ አንድ ድንጋይ አንሡ፤ መልኩን፥ ክብደቱን፥ ቀዳዳ ያለው እንደ ሆነ ወይም ድፍን እንደ ሆነ ተመልክታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ መምህራችሁንም ከወዴት እንደ መጣ ጠይቁ። ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቍር ድንጋይ ከሆነ፥ የዳሎልን ምድር ያሰመጠው ኀይል ያፈሰሰው መሆኑን ዕወቁ።